የእትዬ አስናቀች ጤና አዳምና እርሻ የሚያርሱት ጉንዳኖች

ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት አልፎኛል። ወልቂጤ ውስጥ ያገኘኝ ሰው ሁሉ አሜሪካን እንዴት እንዳየኋት ይጠይቀኛል፤ እኔም እውነቱን «ጉንዳን ሳይ ሰነበትኩ» እላለሁ። አንዳንዱ ይስቃል፤ አንዳንዱ ልነግረው ያልፈለግሁ መስሎት ይቀየማል። የሰፈራችን ባለሱቅማ «ጉንዳን እዚህ መች ጠፋ? ስኳሬን ማን ጨረሰው ትላለህ!» ብሎኛል። ስለዚህ ነገሩን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ። ያልገባኝን አልገባኝም ብያለሁ፤ ያጠፋሁትንም አልደበቅሁም።

የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። የባዮሎጂ መምህራችን ኮሎምበስ በምትባል የኦሃዮ ከተማ ጉንዳን ከሚያጠኑ አንዲት ዶክተር ጋር ለረጅም ጊዜ ሲጻጻፉ ቆይተዋል። ዶክተሯ አንድ ተማሪ ለአንድ ሳምንት ቤተ ሙከራቸው ውስጥ ለመቀበል ፈቃደኛ ሆኑ። እኔ የተመረጥኩት ከሁሉ ስለምበልጥ አይደለም፤ ከክፍላችን የላብራቶሪ ዕቃ ሰብሮ የማያውቅ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ነው። መምህሬ ሲሸኙኝ ትከሻዬን ይዘው «ሳሙኤል፣ ስትመለስ ዶክተሯ ደብዳቤ ይሰጡሃል። ደብዳቤው ጥሩ ከሆነ በየዓመቱ አንድ ተማሪ ይቀበሉናል። ካልሆነ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም አንተ ነህ» አሉኝ። ከእኔ በኋላ የሚመጡትን ተማሪዎች ሁሉ በጀርባዬ ያዘልኩ ያህል ከበደኝ።

ዓርብ ጠዋት ከወልቂጤ በሚኒባስ ወጣሁ። እማዬ እስከ መናኸሪያው ሸኘችኝ። የማርፈው እትዬ አስናቀች ቤት ነው፤ ድሮ አጥር ለአጥር ጎረቤታችን ነበሩ፤ ዲቪ ደርሷቸው ከባለቤታቸው ከጋሼ ንጉሤ ጋር ከሄዱ ዘጠኝ ዓመት ሆናቸው። እማዬ በሚኒባሱ መስኮት በኩል አንገቷን አስግጋ «አስናቀችን ሰላም በልልኝ። እርሾዬንስ የት አደረሽው በላት» አለችኝ።

«የምን እርሾ?»

«ሊሄዱ ሰሞን ተውሳኝ ነበር። ትመልሳለች ብዬ ስጠብቅ አውሮፕላን ላይ ወጣች።»

እየሳቀች ነው ያለችው። ግን ሁለት ጊዜ ነው ያለችው።

ቅዳሜ ማታ ከቦሌ ተነሥተን፣ መሐል ላይ አውሮፕላን ቀይሬ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ኮሎምበስ ደረስኩ። በጉምሩክ ወረቀቱ ላይ የያዝኩትን ምግብ ሁሉ እንድጽፍ ስለተጠየቅሁ ሁሉንም ጻፍኩ፦ ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ፣ ሚጥሚጣ፣ እንዲሁም ግማሹን የበላሁት አንድ ብስኩት። ሠራተኛው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበና ብስኩቱን እንዳሳየው ጠየቀኝ። አሳየሁት። «ጨርሰው» አለኝ። ፊቱ ቆሜ ጨረስኩ።

ጋሼ ንጉሤ ውጪ ይጠብቁኝ ነበር። አቅፈው ሦስቴ ሳሙኝና መኪና ውስጥ አስገቡኝ። መንገዱ ሰፊ ነው፤ የሚሻገር ፍየል የለም፤ ጥሩንባ የሚነፋ የለም። ለግማሽ ሰዓት ያህል ስንሄድ አንድም እግረኛ አላየሁም። «ሰዉ የት ሄደ?» ብዬ ጠየቅሁ። «መኪና ውስጥ ነው» አሉኝ። ሊንደን በሚባለው ሰፈራቸው ስንደርስ ከሁሉ የገረመኝ የአጥር ነገር ነው። ቤቶቹ የእንጨት ናቸው፤ ፊት ለፊታቸው ሣር አለ፤ በአንዱ ግቢና በሌላው መሐል ግን ምንም የለም። እኛ ጋ አጥር እያለ ሰው ጎረቤቱን ሲጠራ ይውላል። እዚህ አጥር የለም፤ የሚጣራም የለም።

እትዬ አስናቀች በር ላይ ተቀበሉኝ። አረጋውያን የሚኖሩበት ቤት ውስጥ ሽማግሌዎችን በመንከባከብ ነው የሚሠሩት፤ ስለዚህ ገና ከመግባቴ ክንዴን ደግፈው፣ ቀስ አድርገው ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ሴት ልጃቸው ኤደን ስምንት ዓመቷ ነው። በአማርኛ የሚነገራት ሁሉ ይገባታል፤ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው።

«ኤዱ፣ ሳሚን ሰላም በይ።»

«ሃይ ሳሚ። ዱ ዩ ላይክ አንትስ?»

«ጉንዳን ለማየት አይደል እንዴ ከዚያ ድረስ የመጣው» አሉ ጋሼ ንጉሤ። «እኛ ገንዘብ ከፍለን የተባይ መድኃኒት እናስረጫለን፤ የእኛ ልጅ ጉንዳን ሊጎበኝ በአውሮፕላን ይመጣል።»

የእማዬን ሰላምታ አደረስኩ። የእርሾውን ነገር ግን እንዴት ብዬ? ሦስተኛ ጊዜ ወጥ ሲጨምሩልኝ አፌን ከፈትኩ፤ አጎረሱኝ፤ እርሾው ከጉርሻው ጋር ተዋጠ።

ሰኞ ጋሼ ንጉሤ ኦፍ ስለነበሩ ቤተ ሙከራው ድረስ አደረሱኝ። ዶክተሯ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሽበታም ሴት ናቸው፤ ሳንዳል ጫማ ያደርጋሉ። «ካረን በለኝ» አሉኝ። ሞከርኩ፤ እናቴን የሚያህሉ ሴት በስማቸው ብቻ መጥራት አፌ እምቢ አለኝ። «እሺ ዶክተር» አልኩ። ሳምንቱን ሙሉ እንደዚያው ቀጠልን።

አንድ ትልቅ ክፍል ውስጥ፣ በመስተዋት ሣጥኖችና ግልጽ በሆኑ ቱቦዎች፣ አንድ ሙሉ የጉንዳን መንደር ይኖራል። ቅጠል ቆራጭ ይባላሉ፤ አገራቸው ደቡብና መካከለኛው አሜሪካ ነው። በአንድ በኩል ዶክተሯ ቅርንጫፍ ያስቀምጣሉ፤ ጉንዳኖቹ ቅጠሉን በመንጋጋቸው እንደ መቀስ ክብ ክብ አድርገው ይቆርጡና እንደ ጥላ ከራሳቸው በላይ ይዘው በቱቦው ይሰለፋሉ። ቅዳሜ ገበያ ቆርቆሮ ተሸክመው የሚሄዱትን ሰዎች መሰሉኝ። ልዩነቱ እነዚህ «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» አይሉም።

«ይበሉታል አይደል?» አልኩ፤ የማውቅ ለመምሰል።

«አይበሉትም» አሉ ዶክተሯ። «ገበሬዎች ናቸው።»

ከዚያ ያሳዩኝን ለማስረዳት ከቆጮ የተሻለ ምሳሌ የለኝም። እናቶቻችን እንሰቱን ፍቀው፣ ከትፈው፣ ጉድጓድ ውስጥ ይቀብሩት የለ? እነዚህም ቅጠሉን ወደ ጓዳ ያስገቡና ለትንንሾቹ ሠራተኞች ይሰጣሉ። ትንንሾቹ ያኝኩታል፣ ያደቅቁታል፣ እንደ ሊጥ ያደርጉታል፤ ከኩሳቸው ጠብ ያደርጉበታል፤ ከዚያ ነጭ ሻጋታ የመሰለ ፈንገስ ይተክሉበታል። ፈንገሱ ቅጠሉን እየበላ ያድጋል፤ ጉንዳኖቹና ልጆቻቸው ደግሞ ከፈንገሱ ጫፍ ላይ የሚያብጡትን ትንንሽ ፍሬዎች ይመገባሉ። አትክልቱ ግራጫ ስፖንጅ ይመስላል። ሌት ተቀን ያርሙታል። ባዕድ ሻጋታ ከበቀለበት ነቅለው ያወጣሉ፤ ቆሻሻውን የሚጥሉበት ለብቻው የተከለለ ቦታ አላቸው። በእውነቱ የእኛ ዶርም እንዲህ አይጸዳም።

ዶክተሯ አንድ ትንሽ ሣጥን ሰጡኝ። ቁጥር ሰባት ይባላል። አንዲት ወጣት ንግሥት፣ ጥቂት መቶ ሠራተኞችና ቡጢ የምታህል አትክልት ይኖሩበታል። «የሳምንቱ ሥራህ ይህ ነው። በየቀኑ ሦስት የጽጌረዳ ቅጠል ከዚህ ፍሪጅ አውጥተህ ስጥ፤ ጥጡን አርጥብ፤ ያየኸውን ጻፍ። ከፍሪጁ ሌላ ምንም ቅጠል አትስጥ። ውጪ ያለው የተባይ መድኃኒት ተረጭቶበት ሊሆን ይችላል። ዓርብ ያየኸውን ታስረዳኛለህ፤ እኔም ደብዳቤዬን እጽፋለሁ።» ማስታወሻ ደብተሬ ላይ «ከፍሪጁ ሌላ ምንም» ብዬ ጻፍኩና ሁለቴ አሰመርኩበት። ደብተሩ አሁንም አለ። መስመሮቹም ቀጥ ያሉ ናቸው።

ማታ እራት ላይ ሁሉንም ተረክሁ። እትዬ አስናቀች እጃቸው ከትሪው ላይ ቆሞ ቀረ።

«ቅጠሉን አይበሉትም?»

«አይበሉትም እትዬ። ማብቀያ ነው።»

«ማዳበሪያስ ከየት ያመጣሉ?»

«የራሳቸውን ኩስ…»

«ሳሚ! ማዕድ ላይ ነን!»

«ዛት ኢዝ ሶ ግሮስ» አለች ኤደን፤ ያስጠላል ማለቷ ነው፤ ደስታዋ ግን ከፊቷ ይነበባል። «ቴል ሚ ሞር።»

«ዓመቱን ሙሉ ያንኑ ጽጌረዳ?» አሉ እትዬ አስናቀች፤ ሐሳባቸው ጉንዳኖቹ ላይ ቀርቷል። «ምስኪኖች።»

ማክሰኞ ጠዋት ልወጣ ስል ሁለት ከረጢት ይዘው በር ላይ ቆሙ። በአንዱ ቆሎ አለ፤ ለዶክተሯ ነው። በሌላው አንድ እፍኝ ጤና አዳም፤ ከጓሮ አሁን የተቀጠፈ፤ ሽታው ከሩቅ ይጣራል።

«ይሄ ለነሱ ነው» አሉ።

«ለእነማን?»

«ለእንስሶቹ ነዋ።»

አይፈቀድም አልኩ። ሕጉን ነገርኳቸው። የተባይ መድኃኒት ተረጭቶበት ሊሆን ይችላል አልኩ። ይህን ማለት አልነበረብኝም።

«የኔ ጓሮ የተባይ መድኃኒት? በእጄ አርሜ፣ በእጄ ውኃ አጠጥቼ ያሳደግሁት ነው! ሰው ቤት ሳምንት እየዋልክ ባዶ እጅህን ልትገባ? እናትህ እንዲህ ነው ያሳደገችህ? ጤና አዳም ደግሞ ማንን ጎድቶ ያውቃል? ለሆድ ነው፣ ለብርድ ነው፣ ለቡዳ ነው።»

እናቴ ስትነሣ ተሸነፍኩ። እንግዲህ ተቀብዬ መንገድ ላይ እጥለዋለሁ ብዬ ነበር የወጣሁት። ግን በአደራ የተሰጠ ነገር እንዴት ይጣላል? እንደያዝኩት ጋሼ ንጉሤ ያሳዩኝን የክሊቭላንድ አቬኑ አውቶቡስ ያዝኩ፤ እሳቸው ሽፍት ተቀይሮባቸው ገና ሳይነጋ ወጥተዋል። አውቶቡሱ ንጹሕ ነው፤ ረዳት የለውም፤ ማንም ከማንም ጋር አያወራም። ሰው ሁሉ ጤና አዳሜን ያሸታል፤ የሚጠይቅ ግን የለም። መውረጃዬ ሲደርስ መውረድ እንዴት እንደሚጠየቅ ትዝ አላለኝም፤ አፌ ግን ከወልቂጤ የለመደውን አልረሳም።

«ወራጅ አለ!»

አውቶቡሱ ውስጥ የነበረው ሰው በሙሉ ዞረ። ሹፌሯ ፍሬን ያዘች። ከኋላ አንድ ድምፅ «አይዞህ ወንድሜ፣ ለመውረድ ገመዱን መሳብ ነው!» አለኝ፤ በአማርኛ። ዞሬ ሳየው ቢጫ የሥራ ጃኬት የለበሰ ሰው ነው። እንባው እስኪፈስ ይስቃል። «እኔም በመጀመሪያው ቀን እንደዚያው ነው ያልኩት» አለኝ። አመስግኜ ወረድኩ።

ዶክተሯ ቆሎውን ወደዱት። እየቆረጠሙ ወደ ስብሰባ ሄዱ። እኔና ቁጥር ሰባት ብቻችንን ቀረን። አንድ ቅንጣት ብቻ ብሰጥ፣ ማታ «ሰጥቻለሁ» ብዬ እውነት መናገር እችላለሁ ብዬ አሰብኩ። ጤና አዳሙን ሦስት ጊዜ አጠብኩት፤ በወረቀት አደረቅሁት፤ አራት ትንንሽ ቅጠል ብቻ ቆርጬ በወረንጦ አስገባሁ። ጥንቃቄዬ የሚያስመሰግን ነበር፤ ሥራው ራሱ ጥፋት ከመሆኑ በቀር።

ጉንዳኖቹ አሸተቱት፤ በመዳሰሻቸው ነካኩት፤ ተንጋግተው መጡ! ጽጌረዳውን ትተው ጤና አዳሙን ቆርጠው ወደ ጓዳ ገቡ። እኔም የእትዬ አስናቀች ውለታ እንደተከፈለ ተሰማኝ። ማታ ስነግራቸው ፊታቸው በራ። «ብዬህ አልነበር!» አሉ። ለሥራ ባልደረቦቻቸው ሁሉ ደውለው ነገሩ። ረቡዕ ጠዋት የጠበቀኝ እፍኝ ሳይሆን እቅፍ ሙሉ ነበር። ረቡዕም አስገባሁ፤ ከማክሰኞው ይበልጣል። ምን ያህል እንዳስገባሁ ደብተሬ ላይ አልጻፍኩም፤ ሳምንቱን ሙሉ ያልጻፍኩት እሱን ብቻ ነው።

የዚያን ዕለት ጋሼ ንጉሤ ከሥራ ሲመለሱ ሊወስዱኝ መጡ። ግማሽ መንገድ ከሄድን በኋላ የምሳ ዕቃቸውን መርሳታቸው ትዝ አላቸው፤ የሚሠሩበት መጋዘን ያለበት ግሮቭፖርት ድረስ ተመለስን። መጋዘኖቹ ከእኛ ስታዲየም ይበልጣሉ፤ መስኮት የላቸውም፤ በሁሉም በር ከባድ መኪና ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ሰዎች ካርቶን ይዘው ይገባሉ፣ ካርቶን ይዘው ይወጣሉ።

«ተመልከት» አሉኝ ጋሼ ንጉሤ። «የምሸከመውን አልበላውም። ከጉንዳኖችህ በምን እለያለሁ? አንድ ቀን ጠዋት አንድ ካርቶን ጫንኩ። በማግሥቱ ቤቴ በር ላይ መጣልኝ። አስናቀች የውኃ ማፍሊያ አዝዛ ኖሯል። እዚያው ብትነግረኝ በብብቴ ይዤላት እመጣ ነበር።» ከዚያ የምሳ ዕቃቸውን ይዘው ተመለሱ፤ ቤት ስንደርስ የሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ።

ሐሙስ ጠዋት ሣጥኑን ከፈትኩ።

ጉንዳኖቹ ጤና አዳሙን ከጓዳ እያወጡ ይጥላሉ። ቁራጭ በቁራጭ፣ ተሰልፈው፣ እንደ ገቡበት። የቆሻሻ ቦታቸው አረንጓዴ ክምር ሆኗል። አትክልቱ ደግሞ በአንድ ጎኑ ቡናማ ሆኖ ረግቧል፤ ስነካው ይፈረፈራል። ግማሹ ሄዷል ማለት ይቻላል። ንግሥቲቱ በደህናው ጥግ ላይ ቆማለች፤ ትንንሾቹ በዙሪያዋ ይሯሯጣሉ። ጽጌረዳ ሰጠኋቸው፤ ዞር ብሎ ያየው የለም። እነዚህ ጉንዳኖች አትክልታቸው ካለቀ ሌላ የሚበሉት የላቸውም። ዶክተሯ ያን ቀን ሌላ ሕንጻ ውስጥ ነበሩ። ደብተሬን አወጣሁና «ትንሽ የቀለም ለውጥ ይታያል» ብዬ ጻፍኩ። ከጻፍኳቸው ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ የማፍርበት እሱ ነው።

እራት ላይ አልበላ አለኝ። እትዬ አስናቀች ግንባሬን በእጃቸው ዳሰሱ። «አሞሃል። ጤና አዳም ላፍላልህ።»

ያን ጊዜ ሁሉንም ተናዘዝኩ።

«ጤና አዳም?» አሉ እትዬ አስናቀች። «እኔ በዕድሜዬ ጤና አዳም ያልረዳው ሰው አላየሁም።»

«ማሚ፣ ዴይ አር ኖት ፒፕል» አለች ኤደን በቀስታ።

ጋሼ ንጉሤ ሊያጽናኑኝ ፈለጉ። «ዝም በል ሳሚ። ጉንዳን ሞተ ብሎ ፖሊስ ኮል የሚያደርግ የለም። ነገ ራሳቸው ሞቱ ትላለህ፤ ቅዳሜ ፍላይትህ ነው።»

ደብዳቤው ትዝ አለኝ፤ መምህሬም፤ የሚመጣው ዓመት ተማሪም። እውነት ለመናገር የጋሼ ንጉሤ ሐሳብ ለአንድ አፍታ ያህል አማረኝ። እትዬ አስናቀች ግን ተነሡ።

«ምን ማለትህ ነው ንጉሤ? ልጁ ዋሽቶ ሊሄድ? ቅጠሉ የኔ ነው። ነገ ኦፍ ነኝ። አብሬው እሄዳለሁ።»

ዓርብ ጠዋት እትዬ አስናቀች ለልቅሶ ቤት እንደሚለበሰው ለብሰው፣ ነጠላቸውን አደግድገው፣ አንድ ከረጢት ቆሎ ይዘው ቤተ ሙከራው ገቡ። ዶክተሯ «ደህና አደርክ» ሳይሉኝ በፊት እኔ ጥፋቴን መናዘዝ ጀመርኩ። ከማክሰኞ ጀምሬ፣ ስንት ጊዜ እንዳጠብኩት ሳይቀር ነገርኳቸው። ደብተሬ ላይ የጻፍኩትን ውሸትም አሳየሁ። ዶክተሯ አጉሊ መነጽር አንሥተው ሣጥኑ ላይ ጎንበስ አሉ። ለረጅም ጊዜ አልተነሡም።

«ምን ቅጠል ነው?» አሉ።

እትዬ አስናቀች እንደ ማስረጃ ከቦርሳቸው አንድ ዘለላ አወጡ። ዶክተሯ አሸተቱትና ፈገግ አሉ። «የብርቱካን ዘመድ ነው። የብርቱካን ቅጠል ይወዳሉ፤ ስለዚህ ተታልለዋል። ለእነሱ ምንም አይላቸውም። ፈንገሱን ግን ያቃጥለዋል። ፈንገሱ ሲታመም ነው የሚነቁት። ከዚያ በኋላ ያን ቅጠል ያወጡታል፤ ለሳምንታትም አይነኩትም።»

ተረጎምኩላቸው፤ የሥራ እንግሊዝኛቸው ለፈንገስ አይበቃም። እትዬ አስናቀች «ቂም ይይዛሉ ማለት ነው?» አሉ።

«ለጥቂት ሳምንታት» አሉ ዶክተሯ። ከዚያ ፊታቸው ከበደ። «ችግሩ ትንሽ መንደር ነው። የቀረው አትክልት የሚያዘልቃቸው አይመስለኝም።»

ይህንንም ተረጎምኩ። እትዬ አስናቀች ግን አልደነገጡም። በክፍሉ ወዲያ ጥግ ያለውን ትልቁን መንደር በአገጫቸው አመለከቱ።

«እነዛስ ጎረቤት አይደሉም? ታዲያ ምን ያስጨንቃችኋል? እርሾ ሲበላሽ ከጎረቤት መዋስ ነው እንጂ!»

ስተረጉምላቸው ዶክተሯ እጃቸው ላይ ያለውን አጉሊ መነጽር አስቀመጡ። «ልክ እሱን ላደርግ ነበር። እኝህ ሴት የት ነው የተማሩት?»

«ወልቂጤ» አልኩ።

አስቸጋሪው ነገር የሁለቱ መንደር ጉንዳኖች ከተገናኙ መጋደላቸው ነው። ስለዚህ ከትልቁ መንደር አንድ ቁራሽ አትክልት ይነሣና በላዩ ያለው ጉንዳን አንድ ሳይቀር በወረንጦ ይለቀማል። እትዬ አስናቀች ይህ ምክንያታዊ ነው አሉ፦ «እርሾ ስትበደሪ የሴትዮዋን ልጆች አብረሽ አትወስጂም።» ዶክተሯ ለቀማ ጀመሩ፤ እኔም ጀመርኩ፤ በአሥር ደቂቃ ሃያ ያህል ለቀምን። እትዬ አስናቀች ቆመው ሲያዩን ትዕግሥታቸው አለቀ። ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጥለው ወረንጦውን ከእጄ ተቀበሉ። እንደ ምስር ነው የለቀሙት፤ ዐይናቸው ከእጃቸው ቀድሞ ይሄዳል። ዶክተሯ የራሳቸውን ወረንጦ አስቀምጠው ያዩ ጀመር። አንድ ባለ ትልቅ ራስ ወታደር አውራ ጣታቸውን ነክሶ ሲይዝ እትዬ አስናቀች አልጮኹም። «ይገባኛል» አሉትና ቀስ ብለው አስለቀቁት።

ንጹሑን ቁራሽ ቁጥር ሰባት ውስጥ አስገባን። ሠራተኞቹ ከበቡት፤ ዳሰሱት፤ ሸሹ፤ ተመለሱ። «ነገ እናውቃለን» አሉ ዶክተሯ። ወንበር ላይ ተቀምጠን ቆሎ ስንበላ አዲስ ንግሥት ከእናቷ ቤት ለመጨረሻ ጊዜ ስትወጣ ከአትክልቱ አንድ ቅንጣት በአፏ ይዛ እንደምትበር፣ አዲሱን እርሻም በእሱ እንደምትጀምር ዶክተሯ ነገሩን። ስተረጉም እትዬ አስናቀች ድንገት አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«ውይ! ሳሚ! የእናትህ እርሾ!»

እኔ ስለ እርሾው አንድም ቃል አልተነፈስኩም ነበር።

«ልንሄድ ሰሞን ተዋስኳት። አድርቄ፣ ካልሲ ውስጥ ጠቅልዬ ይዤው መጣሁ። እስከ ዛሬ የማቦካው በእሱ ነው። ሳልመልስላት!… ትዝ ይላታል ይሆን?»

«አይመስለኝም» አልኩ። በዚያ ሳምንት የዋሸሁት ሁለተኛው ውሸት እሱ ነው፤ ይህን ግን ደብተሬ ላይ አላሰፈርኩትም።

ቅዳሜ ሻንጣዬን ጭነን ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ስንሄድ ሁላችንም በቤተ ሙከራው በኩል ዞርን። ዶክተሯ የዕረፍት ቀናቸው ሆኖ ሳለ መጥተው ነበር። ኤደን ከሁላችንም ቀድማ ሣጥኑ ላይ ተደፋች።

«ዴይ ፕላንትድ ኢት!»

እውነትም ተክለውት ነበር። የተዋሱትን ቁራሽ ቆራርሰው ከደህናው አትክልታቸው ጋር አጣብቀውታል፤ የሞተውን ቡናማ አውጥተው ጥለዋል፤ ንግሥቲቱ አዲሱ ነጭ ላይ ቆማለች። ከፍሪጁ ጽጌረዳ አምጥቼ አስገባሁ። አንዲት ጉንዳን መጣች፤ ዳሰሰችው፤ ዞረች፤ እንደገና መጣችና መቁረጥ ጀመረች። እትዬ አስናቀች እልል አሉ። ከጎን ቢሮ አንድ ሰው በሩን ከፍቶ አይቶን መልሶ ዘጋ። ዶክተሯ የማወቅ ጉጉታቸው አላስቀምጥ ብሏቸው አንድ የጤና አዳም ቅጠል በሣጥኑ ውጨኛ ክፍል ውስጥ አኖሩ። ጉንዳኖቹ ቀረብ አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

«ደግ አደረጉ» አሉ እትዬ አስናቀች። ትንሽ ቆዩና «ግን እንዲህም ፊት መንሣት ጥሩ አይደለም» አሉ።

ዶክተሯ የታሸገ ፖስታ ሰጡኝ። እትዬ አስናቀች ደግሞ መኪናው ውስጥ አንድ አዲስ፣ ንጹሕ ካልሲ፤ በውስጡ በላስቲክ የተጠቀለለ የደረቀ እርሾ። ቦሌ ላይ ፈታሹ «ይሄ ምንድነው?» ሲለኝ «አደራ ነው» አልኩት። አሸተተና አሳለፈኝ።

ፖስታውን ለመምህሬ አስረከብኩና ቆሜ ጠበቅሁ። አንብበው ቀና አሉ። «ጤና አዳም?» አሉ። ራሴን ነቀነቅሁ። ቀጥለው ጮክ ብለው አነበቡልኝ፦ «አጥፍቷል። ሳልጠይቀው ግን ነገረኝ። በሚመጣው ዓመት የሚመጣውን ተማሪ ላኩልኝ፤ ቅጠል እንዳይዝ ግን ንገሩልኝ። ያረፈበት ቤት ያሉትን ሴት እኔ አነጋግሬያቸዋለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ሊረዱኝ ተስማምተዋል።»

ወልቂጤ ስደርስ ካልሲውን ለእማዬ ሰጠኋት። ከፈተችው፤ አሸተተችው። በለብታ ውኃ በጠበጠችው፤ ዱቄት ጨመረችበት፤ ከድና አስቀመጠችው። በሁለተኛው ቀን ክዳኑን ስታነሣ አረፋ አውጥቶ ነበር። ያን ጊዜ አጠገቧ ተቀምጬ የቁጥር ሰባትን ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«አስናቀችስ መለሰች» አለች። «ጉንዳኖቹስ ለጎረቤቶቻቸው መለሱ?»

አንድ ደብተር ሙሉ ጽፌ ተመልሻለሁ፤ ይህን ግን አልጠየቅሁም። በማግሥቱ ለዶክተሯ ኢሜይል ጻፍኩ፦ እናቴ እንዲህ ትላለች ብዬ። መልሳቸው አጭር ነበር። ቁጥር ሰባት ደህና ነው፤ አትክልቱ እያደገ ነው፤ ስለመመለስ ግን እስከ ዛሬ አስበውት እንደማያውቁ ጻፉ። «መቼ መመለስ እንዳለበት እናትህን ጠይቅልኝ» ይላል።

ጠየቅኋት። ከሊጡ ላይ ቀና ሳትል መለሰችልኝ፦

«ሲፋፋ ነዋ። ብቻ ዘጠኝ ዓመት እንዳያስቆጥሩ በልልኝ።»